ቅማሉና የጋሼ ኮፍያ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

የሒሳብ ፈተና ተመለሰ። መጥፎ አይደለም። መምህሩ «ከዚህ በላይ ትችል ነበር» አለኝ። ለሁሉም ነው እንደዚያ የሚለው...

ቤት ስደርስ ማንም የለም። እማዬ ላውንደሪ ሥራ ላይ፣ አባዬ አውቶቡሱን እየነዳ። ትንሿ እህቴ ደጅ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ትዘላለች። ቦርሳዬን ወርውሬ የክፍላችንን በር ዘጋሁ። ክፍላችን... አሁን የእኔ ብቻ መሆኑ ነው። ከበሩ ኋላ ካለው ሚስማር ላይ የታላቅ ወንድሜን፣ የጋሼን፣ ኮፍያ አወረድኩ።

ለትንሽ ጊዜ ብቻ። እስከ ጆሮዬ ሳብ አድርጌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አሁንም ይሸታል። የፀጉር ቅባት፣ ላብ፣ ደግሞ ሌላ የሆነ... ምን ልበለው? እሱን እሱን የሚል።

መልሼ እንደነበረው ሰቀልኩት። አባዬ እንዳያውቅ። ከቀብሩ በኋላ «እኔ እስክል ድረስ ዕቃውን ማንም እንዳይነካ» ብሏል። ከዚያ ወዲህ ስለ ጋሼ አንድ ቃል አልወጣውም። እማዬንም። እኔንም።

እራት ላይ እህቴ ራሷን ታክካለች። እማዬ አላየችም። አሁን አሁን እማዬ ብዙ ነገር አታይም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

እህቴን ለመውሰድ ትምህርት ቤቷ ስሄድ መምህሯ በር ላይ ይዛኝ ቆመች።

«ወንድሟ ነህ?»

«አዎ።»

«ታላቅየው?»

ምን ይባላል? «አዎ» አልኩ።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ራሷ ላይ ቅማል አለ። እስኪጠፋ ድረስ ቤት ትቆይ» አለችኝ። ዝቅ አድርጋ ማለቴ... ግማሽ ክፍል ሰምቷል።

መንገዱን ሙሉ አላወራችም። ሰፈር ስንደርስ ብቻ፣ «ቁንጫ ቅማል ያዛት፣ በል እንጂ» አለች። ቁንጫ ያላት ጋሼ ነው፣ በእግሯ ሄዳ ስለማታውቅ። ስትዘል ነው የምትውለው። እሱ ቢኖር ይህችን ቀልድ ለማንም አይተዋትም ነበር። እኔ ብላት አያስቅም። አልኩት ግን። አልሳቀችም።

ደግሞ እኮ ፀጉር ቆራጭ ነበር! ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ራሱ ላይ ያለውን ሁሉ ከሩቅ የሚያይ። እሱ እያለ በዚህ ቤት ቅማል? የማይታሰብ። ማበጠሪያዎቹን በአልኮል እያጠበ፣ እኛን ሁላችንንም ወጥ ቤት ወንበር ላይ እያስቀመጠ ይቆርጠን ነበር። የራሱን ብቻ ነው በሹራብ ኮፍያ የሚሸፍነው። ደንበኞቹ «ምን ደብቀህ ነው?» ሲሉት፣ «እኔ ለራሴ አልደርስም፣ ሌላውን ደግሞ አላምንም» ይላል።

ኮፍያውን አንድ ቀን ብቻ ነው ትቶት የወጣው። ነሐሴ ውስጥ፣ ትኩሳት ይዞት በእግሩ ሐኪም ቤት የሄደ ዕለት። «ሐኪም ፊት ኮፍያ አላደርግም» አለ። በዚያው ቀረ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

አክስቴ መጣች። የእማዬ ታላቅ። በር አታንኳኳም፤ ደረጃው ላይ ሆና ነው ማዘዝ የምትጀምረው።

«ነጭ ጋዝ አምጡ!»

«ለምኑ እትዬ?» አለች እማዬ።

«ለምኑ ትለኛለች ደግሞ! እኛ በምን አደግን? ጋዙን ቀብቶ በፎጣ ጠቅልሎ ማሳደር ነው። አንዲት አትተርፍም።»

«ቁንጫም አትተርፍም» አልኩ።

«አንተ አፍህን ያዝ! ሄደህ ጋዝ ግዛ።»

ሄድኩ። ግን ወደ መድኃኒት ቤት። ሴትዮዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልጋለች። «ግንባርዎ ላይ ነው» አልኳት። ሳቀች። ነጭ ጋዝ ስላት ግን ሳቋ ጠፋ።

«ልጅቷን ልታቃጥሏት ነው? ቆዳዋን ይልጠዋል። ዓይኗ ቢገባስ? እሳት አጠገብ ብትቀመጥስ?»

የሚቀባ መድኃኒትና ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ የብረት ማበጠሪያ ሰጠችኝ። መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም አለች፤ ሥራውን የሚሠራው ማበጠሪያው ነው። ፀጉሩ ረጥቦ፣ ኮንዲሽነር ተቀብቶ፣ በትንሽ በትንሹ እየተከፈለ፣ ከሥር እስከ ጫፍ። በየመሃሉ ማበጠሪያውን ነጭ ጨርቅ ላይ መጥረግ። ከሳምንት በኋላ መድኃኒቱ ይደገማል፤ እንቁላሉ ውስጥ የቀረው ይፈለፈላልና።

«እናትህ ትችላለች?» አለችኝ።

እማዬን አሰብኳት። «እኔ እችላለሁ» አልኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 12

ቁንጫን መስኮቱ ሥር ጉልበቴ መሃል አስቀምጬ አበጠርኳት። እጄ ከባድ ነው።

«ጋሼ እንደዚህ አይጎትትም ነበር።»

«ጋሼ ማሽን ነበረው።»

«ማሽኑ አይደለም። እሱ መጀመሪያ ራሴን ይይዘው ነበር... እንዲህ።» እጄን ወስዳ ግንባሯ ላይ አደረገችው። እውነቷን ነው። ራሷን በግራ ስይዘው ቀኙ ይቀላል።

ነጭ ጨርቁ ላይ የወጡትን ትደረድራለች። አላስጠላትም። «ይቺ እናትየዋ። ይሄ አባትየው። ይሄ መካከለኛው፣ አንተ ነህ፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ይቺ ትንሿ።»

«ትልቁስ?» አልኳት። ሳላስብ ነው። ወይኔ...

ጨርቁን አየችው። ከዚያ መስኮቱን። ማበጠሬን ቀጠልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16

ቁንጫ ነጻች። መምህሯ ክፍሉ ፊት ለፊት ፈትሻ አስገባቻት። እየዘለለች ገባች።

እማዬ ደግሞ ዛሬ ሻርፗን ስትፈታ ማጅራቷን ስታክክ አየኋት።

እሑድ፣ ጥቅምት 19

የእማዬን ፀጉር ነክቼ አላውቅም ነበር። ስትታጠብ አይቼዋለሁ እንጂ። ቀጭን ነው፤ ከፊት በኩል ሽበቱ በዝቷል። ድሮም ነበረ? ወይስ አሁን የመጣ ነው?

አላፈረችም። ወንበሩን ራሷ አምጥታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ብዙ ነበረባት። ሁሉንም አላሳየኋትም።

«እጅህ ቀላል ነው» አለች። «እንደ...»

አልጨረሰችውም። እኔም አልጠየቅኩም። እንደ ማን እንደሆነ ማን ያጣዋል?

ከዚያ ቀኑን ሙሉ አጠበች። አንሶላ፣ ፎጣ፣ የትራስ ልብስ፣ መጋረጃ ሳይቀር። ሳምንቱን ሙሉ ላውንደሪ የሰው ልብስ ስታጥብ ከርማ እሑድን ደግሞ የእኛን። ክፍሌ ገብታ ጠራረገች። በሩን ወለወለች፣ እጀታውን ወለወለች... ሚስማሩ አጠገብ ስትደርስ እጇ ዞሮ አለፈ። ኮፍያውን አልነካችም።

ደስ አለኝ። ታጥባዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

አክስቴ ወደ ማታ ብቅ ብላ፣ «ይሄ ነገር ከተመለሰ ልጅቷን እኔ ጋ ነው የምወስዳት» አለች። ለማስፈራራት መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

እኔም።

ያወቀው ራዲዮ ነው፣ ጎኔ የሚቀመጠው ልጅ። አፉ ስለማይዘጋ ነው ራዲዮ የተባለው። በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

«ወንድሜ፣ አንገትህ ላይ መንገደኛ አለ» አለኝ።

ደሜ ሁሉ ፊቴ ላይ ወጣ። በጥፍሩ ብድግ አድርጎ ደብተሩ መሃል ጨፈለቀልኝና ወደ ሰሌዳው ዞረ። አለቀልኝ፣ እስከ ዕረፍት ትምህርት ቤቱ ሁሉ ይሰማል አልኩ። አልተሰማም። ራዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ። አቅፌ ብስመው ደስ ባለኝ።

መውጫ ላይ ብቻ፣ «ለምን ሙልጭ አድርገህ አትላጨውም? እንደ ጫካ እኮ ነው» አለ።

እውነት ነው፣ እንደ ጫካ ነው። የአባዬም። ጋሼ ከሄደ ወዲህ ሁለታችንም መቀስ አልነካንም። ለራዲዮ ምን ብዬ ላስረዳው? ከሥሩ ያለው አዲስ ነው፣ ጫፉ ግን ጋሼ የቆረጠው ነው። በጣቶቹ መሃል ይዞ፣ ምላሱን ትንሽ አውጥቶ፣ ቀጭ። እንዴት ነው ሄጄ ለሌላ ሰው «ጣለው» የምለው?

ራሴን ራሴ አበጠርኩ። ኋላዬን ቁንጫ አበጠረችልኝ፣ ተበቀለችኝ ብል ይሻላል።

እሑድ፣ ጥቅምት 26

መድኃኒቱ ተደገመ። ለሦስታችንም። አንሶላው እንደገና ታጠበ። ንጹሕ ነን አልን።

አክስቴ መጥታ የቁንጫን ራስ በመስኮቱ ብርሃን ገለጥ ስታደርግ...

«ይኸውና! ይኸውና እየተንሸራሸረች!»

ቁንጫ አለቀሰች። እማዬ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። አባዬ ጋዜጣውን አላወረደም።

«እዚህ ቤት ጎጆ ቀልሰዋል» አለች አክስቴ። «የሚፈልጋቸው የለማ! አንቺ ልብሽ ሌላ ቦታ ነው። አንተ ሰውዬ ሶፋ ላይ ትተኛለህ፣ ከማንም አትነጋገርም። ይሄ ልጅ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ልጅቷን ማን ያያታል? ሁለት እሑድ እሰጣችኋለሁ። ሁለተኛው እሑድ መጥቼ አንዲት ካየሁ ሻንጣዋን ይዤ ነው የምሄደው። ትምህርት ቤቷንም እኔ ጋ አዛውራለሁ።»

እማዬ «አትወስጃትም» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። አባዬም አላለም። አክስቴ ክፉ ሆና አይደለም። ይኸው ነው የሚያስፈራው... እውነቷን ነው።

ቁንጫም ከሄደች ይሄ ቤት ምን ሊቀረው ነው? ሦስት ሰውና አንድ ሚስማር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 27

ከትምህርት ቤት በቀጥታ መድኃኒት ቤት። ሴትዮዋ አወቀችኝ።

«አልለቀቃችሁም?»

«ሁሉንም አደረግን። ይመለሳል።»

«ቅማል አትበርም፣ አትዘልም» አለች። «ወይ ራስ ከራስ ሲነካካ ነው፣ ወይ ራስ የነካውን ነገር ሌላ ራስ ሲነካው። ከሰው ከራቀች አንድ ሁለት ቀን ቆይታ ትሞታለች። ስለዚህ አስብ። ሁላችሁም ራሳችሁ ላይ የምታደርጉት ምንድን ነው? ፎጣ? ማበጠሪያ? ሻርፕ? ኮፍያ?»

«ምንም» አልኩ። ዓይኔን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ።

«ካገኘኸው በፈላ ውሃ ይታጠብ። የማይታጠብ ከሆነ በላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት።»

ስመለስ እያሰብኩ መጣሁ። እኔ ነኝ ማለት ነው? ከቁንጫ ይዤ ኮፍያው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ራሴን አጸዳለሁ፣ ደግሞ ከኮፍያው እወስዳለሁ፣ ከዚያ ለቁንጫና ለእማዬ... እኔ ነኝ ቤቱን የምበክለው። በቃ። ከዛሬ ጀምሮ አልነካውም። አልነካውም ብያለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 29

አልነካሁትም። ከባድ ነው። በሩን በከፈትኩ ቁጥር ከኋላው እየተወዛወዘ ያየኛል።

እራት ላይ ግን አንድ ነገር አየሁ። አባዬ ሹካውን አስቀመጠና ከጆሮው ኋላ አከከ። ቆም አለ። ደግሞ አከከ።

አባዬ! ፎጣው ለብቻ ነው። ማበጠሪያው ከደረት ኪሱ አይወጣም። ሶፋው ላይ በጃኬቱ ተጠቅልሎ ነው የሚተኛው። ያቀፈው ሰው የለም፤ ቁንጫ እንኳ ጉልበቱ ላይ መውጣት ትታለች።

ታዲያ ከየት?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 30

ዛሬ ያየሁትን መጻፍ አለብኝ።

ኮፍያውን አውርጄ መስኮቱ ጋ ወሰድኩት። ገለበጥኩት። ነጩን ጨርቅ ከሥሩ ዘርግቼ በጣቴ መታ መታ አደረግኩ።

አንዲት ቅማል ወደቀች። በሕይወት አለች። እኔ ከሰኞ ጀምሮ አልነካሁትም። ሰው ካልነካው ደግሞ መሞት ነበረባት።

ከዚያ ፀጉሮቹን አየሁ። ሹራቡ ውስጥ ተሰክተው። አንድ ረጅም ቀጭን፣ ግማሹ የሸበተ። የእማዬ ነው፤ እኔ ነኝ ያበጠርኩት፣ አውቀዋለሁ። አንድ ጥቅልል ያለ፣ ለስላሳ። የቁንጫ። የእኔ ብዙ። ደግሞ ወፍራም፣ ነጭ... አንድ አይደለም።

አባዬም።

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። አባዬ ይህቺን ኮፍያ አጥልቆ። የት ቆሞ? መስታወት ፊት? እዚሁ አልጋው ጫፍ ላይ?

አፍንጫዬን አስጠጋሁ። የጋሼን ሽታ ፈለግኩ... ከሌላው ቀን በላይ ፈለግኩ። የላውንደሪ ሳሙና አለ። የቁንጫ ቅባት አለ። ናፍጣ አለ። የእኔ ላብ አለ። ሌላ ምን? ሌላ የለም። መቼ እንደሄደ አላውቅም። ጋሼ ነው እያልኩ ሳሸት የሰነበትኩት እኛን ነው። አራታችንን።

ምነው ሳላውቀው በቀረሁ አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ... አላውቅም። እያንዳንዳችን ብቻችንን እዚህ ስንመላለስ፣ አንዱ ለሌላው ሞቅ አድርጎ ትቶለት ሲሄድ። ይሄም የሆነ ነገር ነው።

መናገር አለብኝ። አክስቴ ልትመጣ ነው። ግን አባዬን እንዴት ብዬ? እኔ ቃሉን አፍርሻለሁ። እሱም። የእኔን መናዘዝ ይቻላል፤ የእሱንስ ፊቱ ላይ እንዴት ይባላል?

ዓርብ፣ ኅዳር 1

ተናገርኩ።

እራት ሲያልቅ ኮፍያውን በጋዜጣ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩት። የአባዬ እጅ ብርጭቆው ላይ ቆመ።

«ማነው ያወረደው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ብዬ ነበር?»

«አትንኩ ብለህ ነበር።» ኮፍያውን ገለበጥኩት። «አባዬ፣ ቅማሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። እኔ አጠልቀዋለሁ። ብዙ ቀን። ካልተናገርኩ ቁንጫን ይወስዱብናል።»

ስለ ነጩ ፀጉር አላነሳሁም።

ቁንጫ ማልቀስ ጀመረች። «እኔም... ከትምህርት ቤት ስመለስ... ወንበር ላይ ወጥቼ... ለትንሽ ነው፣ ከዚያ እሰቅለዋለሁ... አክስቴ ጋ አልሄድም!»

እማዬ ጀርባዋን ዳሰሰቻት። «አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለች። ኮፍያውን ነበር የምታየው። «እኔም ጠዋት ጠዋት። እናንተ ከወጣችሁ በኋላ። አድርጌው ሳህን አጥባለሁ።»

ሳህን አጥባለሁ! ስንቱን ቀን?

ከዚያ ሁላችንም አባዬን ላለማየት ጣርን። ቁንጫ ጣሪያውን አየች። እኔ ጨው ማስቀመጫውን።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የምሳ ዕረፍት አለኝ» አለ። «አውቶቡሱን ጣቢያ አቁሜ... በእግሬ እመጣለሁ። ቤት ሰው የለም።» ብርጭቆውን አዞረው። «ላጠልቀው ብዬ አይደለም። በኋላ ግን... ልክ ሆነኝ።»

እማዬ ጠዋት፣ አባዬ ምሳ ሰዓት፣ ቁንጫ ከእኔ በፊት፣ ከዚያ እኔ። በፈረቃ ነበርን። አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተን አናውቅም።

ቁንጫ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «ጋሼ ኮፍያዬን ቅማል አስገባችሁበት ብሎ ይገድለን ነበር» አለች።

መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት። አፏን ይዛ። «በአልኮል ነበር የሚዘፈዝፈን! አራታችንንም!» አባዬም ሳቀ። ሳቁ አፉ ላይ እያለ ፊቱ ሌላ ሆነ። እማዬ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። ወደዚያ ማየት አቆምኩ።

በኋላ የመድኃኒት ቤቷን ሴትዮ ቃል ነገርኳቸው። ወይ ይታጠብ፣ ወይ በላስቲክ ይታሰር።

«ይታሰር» አለች እማዬ ቶሎ። «አይታጠብ። ሽታው...»

«እማዬ፣ የእሱ አይደለም» አልኩ። «ሄዷል። አሽትቺው። የእኛ ነው።»

አነሳችው። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ቆየች... ከዚያ ለአባዬ ሰጠችው። አባዬም አሸተተ።

«ናፍጣ» አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 2

ዛሬ አባዬ ዕረፍት ነው፣ እማዬ ደግሞ እስከ ምሳ ሥራ ናት። ከተኛሁበት ስነሳ ወጥ ቤት ውስጥ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል። ትልቁ ድስት እሳት ላይ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አንተ ነህ በፈላ ውሃ ያልከው።»

አባዬ በሕይወቱ ካልሲ አጥቦ አያውቅም። ኮፍያውን ግን በማማሰያ ገለበጠው፣ አማሰለው፣ እንደ ጠላት በሳሙና አሸው፣ ደግሞ ከተተው። እኔም አጠገቡ ቆሜ ውሃ አቀርባለሁ። ሁለታችንም ጥሩ ሥራ የሠራን መስሎናል።

ስናወጣው... የቡና ስኒ ልታለብሰው ትችላለህ። ማጋነኔ ነው፣ ግን ትንሽ ብቻ። ተኮማትሮ፣ ደንድኖ፣ እንደ ጨርቅ ኳስ።

አባዬ በሁለት ጣቱ ይዞት ቀረ። ውሃው መሬት ላይ ይንጠባጠባል። «ምን አደረግኩት?» አለ። «ምን አደረግኩት?» እንደዚያ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

እማዬ ገባች። አየችው። አየችን። ሙያዋ እኮ ነው!

«ሱፍ ነው እኮ» አለች። «ሱፍ ይቀቀላል?»

«ቅማሉ እንዲሞት...»

«ቅማሉማ ሞቷል። ከእነ ኮፍያው ነው የገደላችሁት።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ዓይኗም ሞልቶ ነበር። ግን አባዬን ስታየው፣ ሳሙናው እስከ ክርኑ፣ ፊቱ እንደተያዘ ልጅ... ኮፍያውን ተቀበለችው፣ ጨመቀችው፣ በጣቶቿ እየሳበች ቅርጹን መለሰችለት። እጆቿ ሥራውን ያውቁታል። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወጠረችው።

ሲደርቅ ቁንጫ አጠለቀችው።

«ልኬ ነው!»

ልኳ ነው። ለሌላ ለማንም አይሆንም። ሚስማሩ ላይ የሰቀለው የለም፤ አድርጋው ወጥታ ገመድ ትዘላለች። አባዬ መስኮቱ ጋ ቆሞ ያያታል።

እሑድ፣ ኅዳር 3

አባዬን እኔ አበጠርኩት። ግንባሩን በግራ እጄ ያዝኩት። መጀመሪያ አንገቱ ድንጋይ ነበር። በኋላ ራሱን ለእጄ ለቀቀው፣ ከባድ ነው፣ እንቅልፍም ወሰደው።

እሑድ፣ ኅዳር 10

አክስቴ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። ማዘዟን እንደተለመደው ከደረጃው ጀመረች።

ቁንጫን ፈተሸች። እማዬን ፈተሸች። እኔን ጎትታ ፈተሸች። ከዚያ ወደ አባዬ ስትዞር፣ «እኔንም?» አለ። «አንተንም!» አለች። ጎንበስ አለላት።

ምንም። በሁለቱም ገጽ ማበጠሪያውን ጨርቁ ላይ ጠረገችው። ምንም።

«እንዴት አደረጋችሁት?» ተቀየመች ማለት ይቻላል።

«ልጅቷን አትወስጃትም እትዬ» አለች እማዬ። ጥያቄ አልመለሰችም። ዝም ብላ እንደዚያ አለች።

አክስቴ እማዬን ትክ ብላ አየቻት። ሻንጣውን በእግሯ ከሶፋው ሥር ገፋችው። «ማን ይወስዳታል? እንደዚህ የምትዘል ልጅ ቤቴን ታፈርሰዋለች። ራት አለ?»

ሶፋው ላይ የአባዬ ጃኬት የለም። ከማክሰኞ ጀምሮ የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

ጠዋት አባዬ ጫማውን እያሰረ፣ «ተነስ፣ ፀጉራችንን እንቆረጥ» አለኝ።

ቅማል የለብንም እኮ ልለው ነበር። አላልኩም። ሄድን። ጋሼ ይሠራበት ወደነበረው አይደለም፤ ከገበያው ወዲያ ወዳለ፣ ማንም ወደማያውቀን። ትንሽ ቤት። ሁለት ወንበር፣ አንዱ የተሰበረ። ቆራጩ ወጣት ነው። አባዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ጋዜጣ አነሳ። እኔ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረልኝ።

«እንዴት ላድርግልህ?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

እንዴት ይባላል? በዕድሜዬ ይሄን የጠየቀኝ የለም። ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ጋሼ ይቆርጠኛል፣ እነሳለሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እሱ ነበር የሚያውቀው። እንዴት ነበር ጋሼ? ከጎን ስንት ነው? ከላይስ?

ቆራጩ ይጠብቃል። ዓይኔ መሙላት ጀመረ።

«ከጎን ዝቅ አድርግለት፣ ግን ቆዳው እንዳይታይ።»

አባዬ ነው። ጋዜጣውን አላወረደም።

«ከላይ በማሽን እንዳትነካው። በመቀስ፣ በጣትህ እየያዝክ። ከኋላ መስመሩን ቀጥ አድርገው፣ ክብ አይሆንለትም። አናቱ ላይ ወደ ቀኝ ገባ ብሎ አዙሪት አለችው። እሷን ረዘም አድርገህ ካልተውካት ትቆማለች።»

ቆራጩ አናቴን ዳሰሰ። አዙሪቷን አገኛት። «እውነት ነው» አለ።

እኔ እንኳ አዙሪት እንዳለኝ አላውቅም ነበር። አባዬ ሁልጊዜ ጋሼ ሲቆርጠኝ ወጥ ቤቱ ጥግ ጋዜጣውን ዘርግቶ ነበር። የሚያነብ መስሎኝ...

ሥራው ተጀመረ። ቆራጩ ጥቂት ቆይቶ፣ «በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው ሲቆርጠው የነበረው» አለ። «ማን ነው የሚቆርጠው?»

«ልጄ ነው» አለ አባዬ። ጋዜጣው ወረደ። «ትልቁ ልጄ። ፀጉር ቆራጭ ነበር።»

«አሁን ሥራ ለወጠ እንዴ?»

በመስታወቱ አየሁት። አባዬም አየኝ። እኔን አይቶ ዓይኑን አልሰበረም።

«የለም» አለ። «ነሐሴ ላይ ነው። ትኩሳት ነው ብሎ በእግሩ ሄደ...» ብሎ ጀመረ። ከመጀመሪያው። ጋሼ ልጅ ሆኖ የጎረቤቱን ፍየል እንደላጨ ሳይቀር። እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ሁሉ፣ ለማያውቀው ሰው፣ ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ እያጠፈ እየዘረጋ።

ቆራጩ ማሽኑን አጥፍቶ የተሰበረው ወንበር ክንድ ላይ ተቀመጠ። ግማሽ ራሴ ተቆርጧል፣ ግማሹ አልተነካም። ጨርቁ ውስጥ እጄን ሰብስቤ እሰማለሁ። የቸኮለ የለም።